ሲሦው ብቻ ተሻገረ

በክሊኒካችን የኮምፒውተር ክፍል ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ «አስተርጓሚዋ» ነው የምንላት። ሥራዋ የማይግባቡ ሁለት ፕሮግራሞችን ማግባባት ነዋ! አንደኛው መርፌ ክፍሉ የሚሠራበት፣ እኛ ሳንቀጠር በፊት በአሮጌ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ሽማግሌ ነው፤ ሌላው ሐኪሞቹ የሚጽፉበት አዲሱ። ጽሑፍ ከአዲሱ ወደ አሮጌው የሚሻገረው በእሷ እጅ ነው። እንደሷ ያለ ጠንቃቃ አላየሁም፤ የሻይ ብርጭቆዋን እንኳ ከኪቦርዱ አርቃ ወለል ላይ ነው የምታስቀምጠው።

ያን ቀን ጠዋት እናቷ ሳል ጠንቶባቸው ታች መርፌ ክፍል ነበሩ። አስተርጓሚዋም ምን እንደታዘዘላቸው ለማየት በአሮጌው ፕሮግራም ስማቸውን ከፈተች። ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምነው?» አልኳት።

«ጎድሏል! ሐኪሙ የጻፈው ጎድሏል!»

በአዲሱ ፕሮግራም ካለው ጋር አስተያየሁትና ክው አልኩ። ማስታወሻው ስለ ሳላቸው ይጀምርና መሃል ላይ ቁርጥ! መጨረሻው ላይ የነበረው «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣቸው፣ ለሕይወታቸው ያሰጋል» የሚለው የለም። አዲሱ ፕሮግራም የጽሑፍን ርዝመት በፊደል ይቆጥራል፤ አሮጌው የሚቆጥረው ፊደሉ የሚይዘውን ቦታ ነው። የኛ አንድ ፊደል ደግሞ ሦስት ቦታ ይይዛል። እሷ የፊደሉን ቁጥር ሰጠችው፣ እሱም ሲሦውን ተቀብሎ የቀረውን ጣለው።

ሲሞከር እንዴት አልታየም? ጉድ እኮ ነው! እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ሲሞክር የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚደረድረው፤ የእንግሊዝኛው አንድ ፊደል አንድ ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ምንም አይጎድልበትም። ኪቦርድ መቀየር ማን ይወዳል! አፋችንን በፈታንበት ቋንቋ መሞከር ለማንም ትዝ አላለውም።

ወደ መርፌ ክፍል ስልክ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች፣ እኔም ተከተልኳት። ስንደርስ ነርሷ የእናቲቱን ክንድ በጥጥ እየጠረገች ነበር፤ የፔኒሲሊኑ መርፌ ተቀድቶ ተዘጋጅቷል።

«አቁሚ! እንዳትወጊያት!» ብላ አስተርጓሚዋ ጮኸች።

ነርሷ ከድንጋጤዋ የተነሳ መርፌውን ለቀቀችው። «ኧረ በስማም! ሳል ለጠናበት የምንወጋው ፔኒሲሊን ነው፤ ስክሪኑ እኮ አይሰጥ አይልም። ደግሞ የማይስማማዎ መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።»

አስተርጓሚዋ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ! ምን አልሻት?»

እናቲቱ ፈገግ አሉ፤ ኩራት በኩራት ሆነዋል። «ስሙን የት አውቄው? ማሽኑን የሠራችው ልጄ ናት፣ እሱ ያለሽን አድርጊ አልኳት።»

አስተርጓሚዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ በጥጥ የተጠረገውን ክንድ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሳቸው ገና አልገባቸውም፤ ፀጉሯን እየዳበሱ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሳል እኮ ነው» ይሏታል።