የቄስ እንዳላማው የዓይን ቆብ

ያ ጥቅምት ውርጩ የጠና ነበር። ማለዳ ጤፉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የደምበጫ ገበሬ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚሰነብትበት ወር። ሥራነሽ ግን ያን ወራት የምታስታውሰው በባሏ ሳቅ ነው። ቄስ እንዳላማው አንድ ምሽት ከአጨዳ ገብተው ደጃፉ ላይ ቆሙና ትክ ብለው አዩዋት።

«ሥራነሽ፣ ሁለት ሆነሽ ታየሽኝ» አሉ።

«እንግዲያ አንዷን ውኃ ይላኳት» አለቻቸው። ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

ጠዋት ደህና ናቸው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የዓይናቸው ቆብ ገመዱ እንደ ላላ መጋረጃ ይወርዳል። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። የደብረ ማርቆሱ ሐኪም ግን ሕመሙ ከዓይናቸው እንዳልሆነ፣ ነርቭ ያዘዘውን ጡንቻ መስማት እንደ ተወ ነገራቸውና ከጠዋት ጀምሮ በየሰዓቱ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘ። ሥራነሽን ለብቻዋ ጠርቶ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራቸው ሳትውል ሳታድር ይዛቸው እንድትመጣ አስጠነቀቃት።

ዐቢይ ጾም እስኪገባ ኪኒኑ ደህና ያዛቸው። ቅዳሴ የሚገባ ካህን ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ በጾም ደግሞ የሚወጣው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ኪኒኑንም ከቅዳሴ በኋላ አደረጉት። ፊደሉ አንድ እንዲሆንላቸው ጥምጥማቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ዝቅ አድርገው በሌላው ያነባሉ። መንደሩ፣ ቄሱ ቆመው ማንቀላፋት ለመዱ ይል ጀመር።

ሥራነሽ ለነፍስ አባታቸው ለአባ ኪዳነ ማርያም ነገረች። እሳቸውም፣ ኪኒኑን ይዋጡ፣ እስኪሻላቸው እንደ ሰው ሁሉ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ብለው ላኩባቸው።

«ከመቅደስ ከወጣሁ ማን ልባል ነው?» አሉ ቄሱ።

«በሕይወት ያለ ሰው ይባላሉ።»

በማግስቱም ቅዳሴ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ ሰርቃ ታያቸዋለች። ሲያኝኩ መሐል ላይ መንጋጋቸውን በእጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ። ድምፃቸውም በአፍንጫ ይወጣ ጀመር።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት በሴቶች በኩል ቆማ ስትሰማ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ሌላ ካህን ተቀበለው። ሲወጡ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አፍነው ይዘዋል። ቆርበው የጠጡት ጠበል በአፍንጫቸው ተመልሶባቸዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተከድነዋል።

«ሥራነሽ፣ አለሽ?» አሉ። «አሁንስ አንዷም አልታየችኝ።»

በባጃጅ ደምበጫ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ አደረሷቸው። በማግስቱ፣ መተንፈሻ መሣሪያ ይፈልጋሉና ወደ አዲስ አበባ ይሂዱ ተባለ። አምቡላንሱ የሚይዘው አንድ አስታማሚ ነበርና ወንድማቸው አስማማው ገባ። ሉማሜ ሲደርሱ ደወለላት፤ ይተነፍሳሉ፣ ዓይናቸው ግን እንደ ተከደነ ነው አላት። ወዲያው ያገሩ ኔትወርክ ሁሉ ጠፋ፤ እስካሁንም አልተመለሰም።

ስለ ቄስ እንዳላማው የሚታወቀው እስከዚያ ነው፤ በስቅለት ጠዋት፣ ሉማሜ ላይ፣ አምቡላንስ ውስጥ ነበሩ።