ማሲንቆው የቀረበት ሁለተኛው ክፍል

እኔ በግ ነጋዴ ነኝ፤ የቆመ ነገር ሳይ ዋጋው ይታየኛል። ባለቤቴ በእጇ እያጎረሰች ያሳደገችው በግም አንድ ቀን ዋጋው ታየኝና ሸጥኩት። እሷም ልብሷን ሰብስባ አዘና ከተማ፣ አባቷ ቤት ገባች።

አማቴ በቀላሉ የሚለመኑ ሰው አይደሉም። ሽማግሌ ብልክ ጠላ አጠጥተው መለሷቸው። የማውቅባቸው ድክመት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ የኮሜዲ ፊልም። በመጀመሪያው ክፍል፣ ቋጣሪው ሰውዬ እንግዳ መጥቶበት ድስቱን ሊደብቅ በተነሳ ቁጥር ማሲንቆ ይገባል፤ ሰውየውን የሚሰድበው ነው የሚመስል። አማቴ ያኔ ከልጃቸው ጋር ሆነው "ይኼ ማሲንቆ ባለጌ ነው!" እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጃቸውን የሰጡኝም በዚያው ሰሞን ነው።

እና ሁለተኛው ክፍል እንጅባራ ገባ ሲባል፣ ለገበያ የመጡትን አማቴን ይዤ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። የሳቀ ሰው ልጁን አይከለክልም ብዬ።

እንግዳው በር አንኳኳ። ድስቱ አልጋ ሥር ገባ። አማቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለሳቅ ተዘጋጁ። ማሲንቆ የለም! በኦርጋን "ቲሪሪም፣ ቲሪሪም" የሚል ነገር ተጀመረ፤ ቁርጥ የባለሁለት ሲም የቻይና ስልክ ጥሪ። በእኛ ገበያ ሙክት አሳይቶ ጠቦት የሚያስረክብ ሰው ይደበደባል። ቤቱ በሙሉ ግን ኪሱን ዳበሰ።

አማቴም ስልካቸውን መንጭቀው አወጡ። "ሄሎ! ማን ልበል?"

"አባባ፣ ፊልሙ ነው እኮ።"

"ዝም በል! ልጄ ናት። እዚህ ውስጥ ኔትወርክ የለም።"

ወጡ፤ ተከተልኳቸው። መልሰው ደወሉላት። የቻይና ስልክ ምስጢር አያውቅም፤ የምትለውን እኔም በሩ ላይ የቆሙት ባለባጃጆችም እንሰማለን።

"ምን ሆነሽ ነው የደወልሽው?"

"ኧረ አልደወልኩም፣ አባባ! የት ነው ያሉት?"

"ባልሽ ቪዲዮ ቤት አስገብቶኝ። የዚያ የቋጣሪው ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ።"

"ያለ እኔ?" በጉ የተሸጠ ዕለት እንኳ ድምጿ እንዲህ አልሆነም።

"ምንም አልቀረብሽ። ማሲንቆውን አውጥተው ስልክ አግብተውበታል።"

"እኔ ሳላይ አላምንም። ነገ እመጣለሁ ይበሉት።"

አማቴ ስልኩን ዘግተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ማሲንቆውንም የሸጥከው አንተ ነህ?"

በማግስቱ መጣች። አብረን ገባን። ድስቱ አልጋ ሥር ገባ፤ ቲሪሪም አለ፤ ባለቤቴ ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈተች።