እንግዳ ውጪ አይቀመጥም

ልጄ ከድር ሲሚንቶና ጀሶ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ወዲያው ግንበኛ ጠርቶ የሳሎኑን ስንጥቅ ያስደፍን ጀመር። ስንጥቁ ወደ ማዕድ ቤት ከሚያስገባው በር ጥግ ተነሥቶ እስከ ጣራው ይወጣል፤ መጀመሪያ ላይ የክር ያህል ነበር፣ አሁን ጣቴ ይገባበታል። መሬት መንቀጥቀጥ ከጀመረች ወዲህ እኛም እንደ ብዙዎቹ የሸዋ ሮቢት ጎረቤቶቻችን የምናድረው ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር በወጠርነው ሸራ ነው። የማይታደርበትን ቤት ማስዋብ ምን ይረባል ብዬ ጠየቅሁት። ለካ እሑድ ለሴት ልጁ ለሰዓዳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

«ታዲያ ማንጎው ሥር ወንበር ደርድርላቸው» አልኩት።

«እማዬ፣ እንግዳ ውጪ ይቀመጣል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

የእርጥቡ ሲሚንቶ ሽታ ሌላ ግቢ፣ ሌላ ግድግዳ ሥር ወስዶኝ ነበር።

ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። የምንኖረው ከጀውሃ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ ዙሪያው ማሽላ ነው። አባቴ ሑሴን በዚያ መንደር የመጀመሪያውን የድንጋይ ቤት የሠራ ሰው ነበር። ድንጋዩን ከወንዝ በአህያ ሲያመላልስ ስንትና ስንት በጋ አልፎበታል። ቤቱ ሲያልቅ «ቤት ለእንቦሳ» ያሉት ጎረቤቶች ወደ ሣር ጎጆአቸው ሲመለሱ ዞር እያሉ ያዩት ነበር። እናቴ ሐዋ ግን ትቀልድበት ነበር። አባትሽ ሁለት ሚስት አለው፣ ታላቋ እኔ ነኝ፣ የሚወዳት ታናሿ ግን ይቺ ድንጋይ ናት ትለኝ ነበር።

ወሩ ግንቦት ነው። የይፋት ቆላ በግንቦት ምን እንደሚመስል ያልኖረበት ሰው አይገባውም፤ ነፋሱ ራሱ ይለበልባል፣ አህያ ጥላ ፍለጋ ሰው ቤት ይገባል። በዚያ ወር መሬት ተንቀጠቀጠች። የሣር ጎጆዎቹ ተወዛውዘው ቆሙ። የእኛ ቤት ግን ጮኸ። ድንጋይ ሲጮኽ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ትልቁን ክፍል ከጓዳው የሚለየው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ በሙሉ ውጪ ማደር ሆነ። እናቴ እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም ብላ ዕቃዋን በእኔና በአባቴ አስወጣች፤ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፋ ማደር ጀመረች። ሳይነዝር የሚውል ቀን አልነበረም። ሰው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ መሬቷ እንዳትሰማው የፈራ ይመስል።

በዚህ መሀል የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ደረሰ። ከመንቀጥቀጡ በፊት አንዴ መጥተው እኔን ለአንድ ልጅ ጠይቀው ነበር፤ አባቴም እንደ ወጉ ከዘመድ ልማከር ብሎ ቀን ሰጥቷቸዋል። ልጁን አንድ ሁለቴ ገበያ አይቼዋለሁ። ጥርሰ ፍንጭት ነው፣ ሲስቅ ያምርበታል። ወድጄው ነበር። ዛሬ ይህን ብናገር የሚቆጣኝ የለም፣ ሁሉም ሞተዋል።

አባቴ ቀጠሮ ላራዝም አላለም፤ ውጪ ልቀበላቸውም አላለም። ልጁን ሜዳ ላይ የሰጠ ሰው ልባል ነው ወይ አለ። እናቴም ብዙ አልተከራከረችውም፤ የሰው አፍ እሷንም ያስፈራታል። በማለዳ ተነሥታ፣ እኔ ውኃ እያቀበልኳት፣ ጭቃ በጤፍ ጭድ አቡክታ ስንጥቁን መረገችው። በመዳፏ አለስልሳ ስትጨርስ ግድግዳው ጤነኛ መሰለ። እጇን ሳትታጠብ ጉንጬን ያዝ አድርጋ፣

«ለዛሬ ብቻ ይቁምልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ» አለችኝ።

በእኛ ወግ የምትጠየቅ ልጅ ቤት ውስጥ አትገኝም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ጋ ተላክሁ። እዚያ ሆኜ በአገዳው አጥር ቀዳዳ የቤታችንን በር አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ መጡ። እነሱም ከየቤታቸው ውጪ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ቆም ማለታቸውን አይቻለሁ። አባቴ ቤት የአላህ ነው፣ ግቡ አላቸው። ግቡ የተባለ ሰው ምን ይላል? ገቡ። ትልቁ ሽማግሌ ሼህ ይማም እንደ ክብራቸው ከበሩ ርቀው፣ ከላይ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጓዳ ገባች። የፍየል ወጡም የማሽላ እንጀራውም ደርሷል፤ ሽማግሌ ግን ጉዳዩ ሳይሰማለት እህል አይቀምስም።

ሼህ ይማም መናገር እንደ ጀመሩ መሬቷ ነዘረች። እትዬ ዘሃራ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከቤታችን ማንም አልወጣም። በኋላ እንደ ሰማሁት ሼሁ አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ ብለው ንግግራቸውን ቀጠሉ። ትልቅ ሰው እየተናገረ ማን ይነሣል? እንግዶቹ ባለቤቱን ያያሉ፣ ባለቤቱ እንግዶቹን ያያል። ከጓዳ እናቴ ሳሕን ስታስቀምጥ ይሰማ ነበር አሉ።

ቀጥሎ የመጣው መንቀጥቀጥ ግን ንግግሩን አላስጨረሳቸውም። በሩ አቧራ ተፋ፤ ከአቧራው ውስጥ ሰዎች ወጡ። አባቴ ወጣ። ሼሁ ተደግፈው ወጡ። የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላም እኔ በሩን እያየሁ ቆየሁ። ግድግዳው የወደቀው ወደ ጓዳው ነበር።

እኔን ሊጠይቁ የመጡት ሰዎች እናቴን በእጃቸው ቆፍረው አወጧት። ምርጉ ገና አልደረቀም ነበር፤ የጣቶቿ ምልክት ይታይበታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሯት። የሠራችውን ምግብ ማንም አልቀመሰውም።

በማግስቱ ሼህ ይማም ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኑን መጥተው ሜዳው ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። ውኃ ይዤላቸው ስቀርብ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ሑሴን፣ አንተ ብትነሣ እኮ እንነሣ ነበር።»

«እኔም እናንተን ስጠብቅ ነበር» አላቸው አባቴ።

ከዚያ በኋላ ለእኔ ጉዳይ የመጣ ሽማግሌ የለም። በየት ፊታቸው ይምጡ? ልጁ ሌላ አገባ፣ እኔም ከዓመታት በኋላ ለሌላ ተዳርኩ። አባቴ እስኪሞት የኖረው በሣር ጎጆ ነው፤ ከወደቀው ድንጋይ አንዱን ለአጥር እንኳ አላነሣም። ሰው ቤት ሲጠራ ደጅ ይቆም ነበር። የማያውቁት ኩራተኛ ነው ይሉት ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ለከድር ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞሮ ቀለሙ መቼ እንደሚቀባ ጠየቀው። አልተቆጣሁትም፣ ቁርጥ አያቱን ነው። እንግዲያውስ ሰዓዳን ያን ዕለት ጎረቤት ላካት አልኩት። ያ ድሮ ቀረ አለኝ። በአሁኑ ጊዜ ከማዕድ ቤት እየተመላለሰች እንግዶቹን የምታስተናግደው ልጅቷ ራሷ ናት።

እኔ ደግሞ የቤቱ ትልቅ ሰው ነኝ። ቦታዬ ከአሁኑ ተለይቶልኛል፤ ከበሩ ርቆ፣ ከውስጥ፣ አዲሱ ልስን ሥር። መሬት ከነዘረች ማንም ይናገር ማን ቀድሜ እነሣለሁ፣ እኔ ስነሣ ሁሉም ይነሣል ብዬ ቆርጫለሁ። ጉልበቴ ግን ከከዳኝ ቆይቷል፤ ከተቀመጥኩበት የምነሣው ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው።