በአንድ ቀን የተሠራ ሰው

ክሪድ ስታለርድ ከአፉ እጁ የሚቀድም ሰው ነበር። ይህንን ከአባቱ ነው የወረሰው። አባቱ ልጆቻቸውን በበቅሎ ጠፍር ሲገርፉ ኖረው ሲሞቱ፣ በዚያ በቴነሲ ተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ አንድም ሰው እንባ አላፈሰሰላቸውም። ክሪድ ጎልምሶ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሥራ ሲይዝ ጠፍሩን አልወሰደም፤ ቡጢው ይበቃው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እዚያው መሰንጠቂያው ውስጥ የበቆሎ አረቄ ሲጠጡ ውለው፣ ሆበርት ጎይንስ የሚባል ግንድ ጎታች ቀለደበት።

«አባትህ ቀብር ላይ ያለቀሰው በቅሎው ብቻ ነው አሉ። እሱም ዝንብ ዓይኑ ገብቶበት ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ክሪድ ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ሰጋቱራው ላይ ተያይዘው ወደቁ፤ ተናከሱ፤ ተቧጨሩ። በመጨረሻ ክሪድ ከላይ ሆነና አውራ ጣቱን ሆበርት ግራ ዓይን ውስጥ ከተተው። ሰዎቹ ሲያነሡት ዓይኑ ፈስሶ ነበር።

በማግስቱ የሆበርት ወንድሞች ጠመንጃ ይዘው ሲፈልጉት፣ ክሪድ የሚሸሸግበት ቢያጣ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ለንስሐ አልነበረም፤ እዚያ አይተኩሱብኝም ብሎ ነው። አምብሮዝ የሚባሉ አዛውንት ሰባኪ የዘፍጥረትን መጀመሪያ ያነቡ ነበር። ምድር ባዶ እንደ ነበረች፣ ጨለማ እንደ ዋጣት፣ እግዚአብሔር አንድ ቃል ቢናገር ብርሃን እንደ መጣ፣ ሲመሽና ሲነጋም አንድ ቀን እንደ ሆነ። ክሪድ የደረቀው ደም ገና ጥፍሩ ሥር ሳለ ይህን ሰማ። ያን ሁሉ ጨለማ በአንድ ቀን ያሸነፈ እኔን መለወጥ እንዴት ያቅተዋል አለ በልቡ። ከዚያ ትልቅ ሰውነቱ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የዚያኑ ዕለት በቀዝቃዛው ወንዝ አጠመቁት፤ የሆበርት ወንድሞችም ከጥምቀት በወጣ ሰው ላይ አንተኩስም ብለው ተመለሱ።

አረቄ ተወ። ሆበርት ቤት ሄዶ ይቅርታ ቢለምን ሆበርት ውሻ ለቀቀበት፤ ክሪድ ውሻው እግሩን ሲዘነጥለው ቆሞ ታገሠ። ሚስት አገባ፤ አርሚንታ ትባላለች። ዓመታት አለፉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት በተጠየቀ ቁጥር የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «እግዚአብሔር ብርሃንን በአንድ ቀን ሠራ፤ እኔንም በአንድ ቀን ሠራኝ።»

አዛውንቱ አምብሮዝ ሞቱና በቦታቸው ኤቨረት ላይል የሚባል ቀጭን ወጣት ሰባኪ መጣ። ጊዜው ሰው ከእንስሳ መጣ ብሎ ማስተማር በዚያ አገር በሕግ የተከለከለበት፣ ገበያው ሁሉ ስለዚሁ የሚነታረክበት ነበር። ላይል ዘፍጥረትን አስተምረን ቢሉት እንዲህ አለ፦

«ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት የነበሩት ቀኖች በምን ተለኩ? ይህ ቃል የተሰጠን ማን እንደ ሠራን ልናውቅ ነው እንጂ ሰዓት ልንቆጥርበት አይመስለኝም።»

ክሪድ ተነሣ። «ወንድም ላይል፣ ቀን ማለት ቀን ነው። ወይስ እግዚአብሔር አይችልም ነው የምትለው?»

«መቻሉንማ ይችላል፣ ወንድም ክሪድ። ጥያቄው በእርስዎና በእኔ ሰዓት ሠራ ወይ ነው።»

የክሪድ የአጎት ልጅ ቡርል ከኋላ ጮኸ። «ሰባኪ! ዝንጀሮው በእናትህ በኩል ነው በአባትህ?»

ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ተቆጣ። ውጭ ሲወጡ ሰዎች ተገፈታተሩ፤ የአንዱ ሽማግሌ አፍንጫ ደማ።

ክሪድ ቤቱ ሄዶ ከባቄላውና ከበቆሎ ቂጣው ፊት ተቀመጠ፤ አልቀመሰውም።

«ምን እንዲህ ያንገበግብሃል?» አለችው አርሚንታ። «ረጅምም ይሁን አጭር፣ የሠራው እሱው አይደል?»

«ቀኑ ቀን ካልሆነ የኔስ ቀን ምንድን ነው? እኔስ ምን ሆንኩ?»

አርሚንታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ክሪድ፣ እውነቱን ልንገርህ? አንተ በአንድ ቀን አልተለወጥክም። የተጋባን የመጀመሪያው ክረምት ትራሴ ሥር ቢላዋ ደብቄ ነበር የምተኛው። ቀስ እያልክ ነው ሰው የሆንከው። እኔ አይቻለሁ።»

ልታጽናናው ነበር የተናገረችው። እሱ ግን ገበታውን ገለበጠው። በር ላይ የቆመውን የመጥረቢያ እጀታ አንስቶ ወጣ።

ላይል አጥሩን ሲጠግን አገኘው። ሰባኪው ቀና ብሎ «ወንድም…» ከማለቱ እጀታው አገጩ ላይ አረፈ። አጥንቱ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ቀጭ አለ። ሲወድቅ ደገመው፤ ጎኑን፣ ትከሻውን። ላይል ራሱን በእጆቹ ሸፈነ እንጂ መልሶ አልመታም። ሚስቱ እየጮኸች ወጥታ ላዩ ላይ ተደፋችበት፤ ያኔ ክሪድ እጀታውን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ያስቆመው ጩኸቷ አልነበረም። እጁ ደስ ብሎት ነበር። ያ የድሮው ደስታ፣ የሰጋቱራው ላይ ደስታ፣ ክንዱ ውስጥ ሞቅ ብሎ ይዞር ነበር። ደነገጠ። እጀታውን ጥሎ ሮጠ።

ሸለቆው ግን ጀግና አደረገው። ቡርል በየደጁ እየዞረ «ክሪድ ጀምሮታል፣ እኛ እንጨርሰው» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ከቀትር በኋላ ጠመንጃና ጋዝ ይዘው የሰባኪውን ቤት ከነሰዎቹ ሊያቃጥሉ ተማማሉ።

እሑድ ደርሶ ክሪድ ጓሮው ተቀምጦ ሳለ ሆበርት ጎይንስ መጣ። ከውሻው ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሆበርት ጠመንጃ ይዟል።

«ልትገድለኝ ነው?» አለ ክሪድ። አልተነሣም።

«ለአንተ ጥይት አላባክንም። ወደ ሰባኪው ቤት ወደሚያሻግረው ድልድይ እየሄድኩ ነው። ያ ልጅ እናቴ ስትሞት እጇን ይዞ ያደረ ነው፤ ሲያቃጥሉት አላይም። አንድ ነገር ልበልህ ብዬ ነው የመጣሁት። ስንት ዘመን በአንድ ቀን ተሠራሁ ስትል ሰማሁህ። እኔ ደግሞ በቀረችኝ ዓይኔ አይሃለሁ። ገና አላለቅህም፣ ክሪድ። ጅምር ነህ።»

ዞሮ ሄደ። ክሪድ ተነሥቶ ባዶ እጁን ተከተለው።

ቡርልና ሰዎቹ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አገኟቸው። ቡርል ሳቀ።

«አንተ ከማን ጋር ነህ? ቀን ቀን ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

«አሁንም ቀን ቀን ነው» አለ ክሪድ። «ሰውየው ግን አይነካም። ዕዳው የኔ ነው።»

«ዞር በል፣ ያጎቴ ልጅ።»

«አልልም።»

ቡርል በሰደፍ ፊቱን መታው። ክሪድ ወገቡን ይዞ ሳንቃው ላይ ጣለው፤ ሌላው የጋዙን ጣሳ ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈበት። በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በጥርስ ሆነ። ክሪድ ሁለቱን ወንዝ ውስጥ ወረወረ። ቡርል ግን ተንፈራግጦ ተነሣና በቅርብ ተኮሰ፤ የክሪድ ጉልበት ተበታተነ። ደግሞ ሊተኩስ ሲያነጣጥር ሆበርት ቀደመው። ቡርል ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። የተገረመ ይመስል ክሪድን አየውና «ውኃ» አለ። ክሪድ በክርኑ እየተሳበ ደረሰለት፤ ራሱን ደረቱ ላይ አስደገፈው። ሌሎቹ ሲበታተኑ ቡርል እዚያው ደረቱ ላይ ሞተ።

ሆበርት ታሰረ። ክሪድ በክራንች ፍርድ ቤት ቀርቦ አስቀድሞ የተኮሰው የገዛ ዘመዱ ቡርል መሆኑን መሰከረ፤ ሰባኪውን የደበደበውም ራሱ መሆኑን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ሆበርት በሞት ፈንታ እስር ተፈረደበት። ላይል ክሪድን ባይከስም ዳኛው አልማሩትም፤ እሱም ወህኒ ቆይቶ ወጣ። ሲወጣ የስታለርድ ዘመዶች ጎተራውን አቃጥለው፣ በቅሎውን አርደው ጠበቁት። የቡርል እናት መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር ይተፉበት ነበር። ምራቁን ጠርጎ «ደህና ዋሉ፣ አክስቴ» ይላቸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ቀን ቀን ነው የሚሉት ከወንዙ ማዶ የራሳቸውን ሠሩ። ሰው ሁሉ ክሪድ ወደዚያ ይሄዳል ብሎ ነበር። እሱ ግን ከአርሚንታ ጋር በላይል ቤተ ክርስቲያን ቀረ። የላይል አገጭ ተጣሞ ስለ ገጠመ ንግግሩ ይኮላተፍ ነበር፤ ክሪድ እያንዳንዱን የተኮላተፈ ቃል አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ዘፍጥረት በተነበበ ጊዜ ግን ዝም አይልም፤ ክራንቹን ወለሉ ላይ ይመታል።

«ዛሬም አልተስማማንም፣ ወንድም ክሪድ?» ይላል ላይል።

«አልተስማማንም። ቀጥል።»

ላይልም ይቀጥላል።