የሞተ ያስረክባል

ጓደኛዬ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ከየካ ሚካኤል መገናኛ ይጭናል። ያን ቅዳሜ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ፣ ለዓይን ምርመራው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ዓይኑን የመታሁት።

ቀበና ድልድዩ አጠገብ ባለችው ጌም ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ የስክሪን ኳስ ስንጫወት ነው ያደግነው። አሁን ሁለታችንም ሠላሳን አልፈናል። እኔ ክራባት አስሬ ቢሮ የምገባ ሰው ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከዚያች ከተቀደደች ሶፋ የሚያስነሳኝ የለም። ኳስ ላይ ሕጉ ቀላል ነው፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ይለቃል። አዲሱ ጌም ሲመጣ ግን ብቻህን ስለምትጫወተው የሚያሸንፍህ ሰው የለም። የጌም ቤቱ ባለቤት አስቦ አስቦ ግድግዳው ላይ በማርከር ጻፈ፦ «የሞተ ያስረክባል።»

ጌሙ ላይ ያለው ሰውዬ በበረዶ አገር እየዞረ ጠላቶቹን በመጥረቢያ የሚጨርስ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኳስ ያነሳ የለም። መጥረቢያው አጥንት ሲያገኝ ጆይስቲኩ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል። ደሙ በረዶው ላይ ሲረጭ ቆመን የምናየው ሁሉ «ኡፍ!» አልን። አንዱ «ግራፊክሱ ያሳብዳል!» አለ። ሌላው «ይሄማ ሥጋ ቤት ነው፣ ኳሳችን ይሻለናል» ብሎ ወጣ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ተመልሶ ተራ ያዘ። እኔማ ወደድኩት። ሳምንቱን ሙሉ ለአለቃዬ «እሺ፣ እሺ» ስል ከርሜ፣ ቅዳሜ አንገት መቁረጥ እንዴት እንደሚያሳርፍ አትጠይቁኝ።

ታሪኩን ግን ማናችንም አላየነውም። በደቂቃ ስለምንከፍል፣ ጌሙ ላይ ያሉት ሰዎች ማውራት ሲጀምሩ ከኋላ «እለፈው! ሰዓት እየበላ ነው!» ይባላል። ሰውዬው ለምን እንደሚገድል እንኳ ሳናውቅ ስንገድል ሰነበትን።

ያን ቅዳሜ ተራው የጓደኛዬ ነበር፤ ቀጣዩ እኔ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አልሞተም። በመጨረሻ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ገጠመው። መታው፣ ደጋገመው፣ ሰውዬው ግን ምንም አይሆንም። ከዚያ ጦሩን ደረቱ ላይ ሰካበት። የኛው ሰው ተዘረረ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

«በቃ፣ ሞትክ። አምጣ» አልኩት።

«ቆይ፣ አልሞትኩም። ሲሞት የሚመጣው ጽሑፍ አልመጣም እኮ።»

«ኧረ ባክህ! ጦር ተሰክቶብህ?»

«በእናትህ፣ አንድ ደቂቃ ታገሥ።»

«አምጣ አልኩህ!»

ዞር ብሎ አየኝና «አለቃህ ፊት ድምፅህ አይሰማም፣ እዚህ ነው የምትጀግነው?» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። የአለቃዬን ነገር ለሱ ብቻ ነበር የነገርኩት። ቱግ አልኩ። ጆይስቲኩን ነጥቄ በሱው ባለ በሌለ ኃይሌ ፊቱን መታሁት። ደገምኩት። ሁለተኛው ግራ ዓይኑን አገኘው። ድምፁ ጌሙ ላይ እንደምንሰማው አይደለም፤ ትንሽ፣ ደረቅ ነገር ነው። ፊቱን ይዞ ተንበረከከ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። እውነቱን ልናገር፣ እጄን ለሦስተኛ ጊዜ አንስቼ ነበር። ባለቤቱ ከኋላ አንቆ ባይዘኝ እጨምረው ነበር።

ያኔ ስክሪኑ በራ። የኛው ሰው አንድ ጎጆ ውስጥ ተኝቷል፤ አንዲት ሴት ቁስሉን ታጥብለታለች። ለካ እዚያ ላይ መውደቁ የታሪኩ ክፍል ነው፤ ማንም ቢጫወተው ይወድቃል። ጓደኛዬ አልሞተም ነበር። ሴትዮዋ ብዙ አወራች፤ ያን ቀን «እለፈው» ያለ ሰው የለም።

ሐኪሙ ያ ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም አለ። እናቱ ደግሞ ሁለት ሱባኤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል አመላለሱት። ምርመራውን ዘግይቶ ሄደ፣ ወደቀ። አሁን ሚኒባሱን ሌላ ሰው ይነዳዋል፤ እሱ ረዳት ሆኖ በሩ ላይ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ እናቱ «ግባ ልጄ፣ ብርዱ ላይ አትቁም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሱም «ተወው፣ አልፏል» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ከልቡ ነው ያለው።

ባለፈው ቅዳሜ ራሱ ደውሎ ጌም ቤት እንሂድ አለኝ። እዚያችው ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ተራው የሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ጽሑፉም መጣ። «በል፣ ይሄኛው እውነተኛ ነው» ብሎ እየሳቀ ዘረጋልኝ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ጭንቅላቱን ድንገት ወደ ኋላ አሽሽቶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ጆይስቲኩ መሬት ወደቀ።

«ይቅርታ» አለኝ፤ እሱ እኔን። «ሳላስበው ነው።»

አንስቶ ሶፋው ላይ፣ በመሃላችን አስቀመጠው። እኔም ክንዱን እስኪያወርድ ጠብቄ አነሳሁት።