የጎማው ወንበርና የአፈሩ መደብ

ባለቤቴና እኔ ንፋስ መውጫ ላይ የመጀመሪያ ቤታችንን የተከራየነው በተጋባን በወሩ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። እሱ መምህር ነው፤ እኔ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ከአልጋና ከአንድ ጠረጴዛ በቀር ዕቃ አልነበረንም። እንግዳ ሲመጣ እንግዳውን አልጋው ላይ አስቀምጠን እኛ ቆመን እናወራ ነበር።

"ግዴለህም፣" አልኩት ባለቤቴን፤ "ቤቱን እኔ አሳምረዋለሁ። ሰው ከሚጥለው ነገር።"

"በየትኛው ሙያሽ?"

"ስልክ ላይ አይቻለሁ።"

እውነቴን ነው። ስልኬ ላይ ሴቶች አሮጌ ጎማ ወንበር ሲያደርጉ፣ ጆንያ መጋረጃ ሲያደርጉ፣ ጠርሙስ የአበባ ማስቀመጫ ሲያደርጉ ዓይቼ ነበር። ሁሉም ነገር በሦስት ደቂቃ ያልቃል። የማንም እጅ አይቆሽሽም። የሚያወጡትም ገንዘብ የለም፤ ወይም ቪዲዮው ላይ አይታይም።

ከጎማው ጀመርኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎሚስታ አንድ ያለቀ ጎማ በነፃ ሰጠኝ።

"ለምን ይሆንሻል?" አለኝ።

"ለወንበር።"

"መኪናውን ካገኘሽው ደግሞ ንገሪኝ፣" ብሎ ሳቀብኝ።

ጎማውን አንከባልዬ ወስጄ ሦስት ቀን በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ ዙሪያውን የሚጠመጠም የቃጫ ገመድ አስፈለገኝ። ገመዱን የሚያጣብቅ ኮላ አስፈለገኝ። ከላይ የሚከደን ኮምፔንሳቶ፣ በኮምፔንሳቶው ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ጨርቅ። ገመዱ አልበቃ ብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ገዛሁ። የረጨሁትን ቀለም ባለቤቴ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ሲሄድ አስመጣሁት። ወንበሩ ሲያልቅ በእውነት ያምር ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ መጥተው ተራ በተራ እየተቀመጡ ፎቶ ተነሡበት። እኔም በኩራት "በነፃ ነው የሠራሁት" አልኳቸው። ማታ ሳስበው ግን በነፃ ያገኘሁት ጎማውን ብቻ ነበር። ለቀረው ባወጣሁት ገንዘብ ከገበያ ሦስት የእንጨት በርጩማ ይገዛ ነበር፤ ለዚያውም የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ቤቱን የጎማ ሽታ አያውደውም ነበር።

ይህ አልመከረኝም። ቀጥዬ ከእህል ነጋዴ አሮጌ ጆንያ ለምኜ መጋረጃ ሰፋሁ። በሳምንቱ እናቴ የላከችልኝ ባቄላ ውስጥ ነቀዝ ሲርመሰመስ አገኘሁ። ጆንያው ውስጥ ተደብቆ የገባ ነው። ባቄላውን ለዶሮ ሰጠሁት፤ መጋረጃውን አቃጠልኩት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የባናው ነገር ነው። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የመኝታ ልብስ ነው፤ የጋይንትን ደጋ ብርድ የሚችለው እሱ ነው። እናቴ ጠጉሩን ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ አሠርታ፣ ለጎጆ መውጫዬ የሰጠችኝ ነበር። አንድ ቀን ጫፉን አይጥ ቀርጥፎት አገኘሁ። ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ። ስልኬ ላይ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሠሩ ትራሶች ዓይቼ ነበርና መቀሴን አነሣሁ። አራት ትራስ ወጣው። ለመኝታ ደግሞ የነብር ሥዕል ያለበት ስስ ብርድ ልብስ ከገበያ ገዛን። በዚያ ብርድ ልብስ ሥር ባለቤቴ ካልሲውን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ካልሲው ግን ይወቅሰኝ ነበር።

ጥር ላይ፣ አውድማው ተጠርጎ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ እናቴ ከስማዳ ልትጠይቀን መጣች። ከወገዳ ጀምሮ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተንገላትታ፣ በሶና ሽንብራ ተሸክማ ነው የገባችው። የጎማው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ ዓይኗ ትራሱ ላይ ዐረፈ። አንሥታ ዳበሰችው። ጣቶቿ የፈተሉትን ያውቃሉ።

"ይሄ ባናዬ አይደለም?"

"ነው እማዬ። አይጥ በልቶብኝ እኮ ነው።"

"የቱን በላው?"

"አንዱን ጫፍ።"

ትራሱን አገላብጣ አየችው፤ ሌሎቹንም ሦስቱን አየቻቸው።

"እንግዲያ አይጥ አንዱን ጫፍ በላ፤ አንቺ የቀረውን ጨረስሽው።"

ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ። እናቴ አልተቆጣችም። መቆጣቷን እመርጥ ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ አገኘኋት። አራቱንም ትራሶች ተርትራ ቁራጮቹን እርስ በርስ እየሰፋቻቸው ነበር። በወፍራም ክር፣ በትልቅ መርፌ።

"እንደ ድሮው አይሆንም፣" አለችኝ ቀና ሳትል፤ "ግን ከእግር እስከ ደረት ያለብሳችኋል። በይ ነይ ያዥልኝ።"

እየያዝኩላት ሰበቤን መደርደር ጀመርኩ። ቤታችን ባዶ መሆኑን፣ ሶፋ መግዛት አለመቻላችንን፣ እንግዳ ሲመጣ ማፈሬን ነገርኳት። እሷም ክሯን በጥርሷ በጥሳ ጠየቀችኝ።

"የቸገረሽ ምንድን ነው? ጌጥ ነው መቀመጫ?"

አሰብኩት። "መቀመጫ ነው።"

"አፈር የለም እዚህ አገር?"

ከመንገዱ በላይ ያለው ቀይ አፈር ተቆፍሮ የተከመረበትን ቦታ በየቀኑ አልፈው ነበር፤ አንድም ቀን አፈር ብዬ አላየሁትም። እናቴ ባየችው በሰዓቱ ቆንጥራ በመዳፏ አሸችው። ወደ ቤት ተሸከምነው። ጭዱን ከጎረቤት አገኘን፤ በቅርቡ እህል የወቁ ሰዎች ስለነበሩ አልነፈጉንም። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃውን ረገጠ። ተማሪዎቹ በአጥር እያዩ "መምህር! መምህር!" ብለው አላገጡበት፤ እሱም ከጭቃው ሳይወጣ የቤት ሥራቸውን ጠየቃቸው።

እኔ በዚያው ቀን ሥራውን ልጀምር ቸኮልኩ። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ጭቃም እንደ ሊጥ ነው። ካልቦካ ይሰነጠቃል።"

አምስት ቀን ጠበቅን። በየጠዋቱ ውኃ ጨምረን እናገላብጠዋለን። ከዚያ ከግቢው ድንጋይ ለቅመን በግድግዳው ጥግ ደረደርን፤ በላዩ ጭቃውን እየመረግን መደቡን አነሣነው። እናቴ መደገፊያውን ትንሽ ዘመም አድርጋ ሠራችው፤ "ወገብ የሚያሳርፈው እንዲህ ሲሆን ነው" ብላ። ከበላዩ ለኩራዝ ማስቀመጫ የሚሆን ትንሽ ጎድጓዳ ስትተውለት መብራት እንዳለን አስታወስኳት። "መብራቱ አይጠፋም?" አለችኝ። መደቡ ሲደርቅ በእበት ለቀለቅነው፤ በመጨረሻ በነጭ አፈር አሳመርነው። ከውኃና ከጉልበት በቀር ያወጣነው ነገር የለም። ስድስት ሰው ያስቀምጣል።

ዛሬ ሰው በእጅ መሥራት በእርግጥ ይቆጥባል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አላንገራግርም። ይቆጥባል፤ ግን ሁሉም አይደለም። በነፃ የተገኘ ነገር ሌላ አምስት ነገር የሚያስገዛሽ ከሆነ ስጦታ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ገና የሚያሞቅሽን ልብስ ቆርጠሽ ጌጥ ማድረግ ቁጠባ ሳይሆን ብክነት ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ካለ ደግሞ ከስልክ በፊት እሱን ጠይቂ። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ጎማውንም ባናውንም በእጄ ስለሠራኋቸው ነው።

እናቴ በሄደች በወሩ አከራያችን ኪራይ ልትቀበል መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ ከበር አልፋ ገብታ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን መደቡን ስታይ ገባች፤ ተቀመጠች፤ ተደገፈች። "እጃችሁ ይባረክ" ብላ ወጣች። እኔ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ኪራይ መጨመሩን በሰው ላከችብን።

ባለቤቴ ሰምቶ ቀላ። "እናፍርሰውና እንውጣ!"

"አይፈርስም፣" አልኩት። "እኔ አነጋግራታለሁ።"

ሄድኩ። ቤቷ ከግቢው ፊት ለፊት ነው። አስገብታኝ ተቀመጥኩ፤ ነገሩንም ሳላሽሞነሙን ጀመርኩ።

"እትዬ፣ ቤቱን ያሳመርነው እኮ እኛ ነን።"

"ግድግዳው የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"ታዲያስ?"

"ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ ጉልበቱ ግን የእኔና የእናቴ ነው። ለገዛ ጉልበቴ ኪራይ ልከፍል ነው?"

ይህን እንዳልኩ ግን ተሳስቼ እንደነበር ገባኝ፤ በሰው ቤት ላይ መደብ ስተክል ባለቤቲቱን አልጠየቅኳትም ነበር። ይህንንም ነገርኳት። "ሳላስፈቅድ መሥራቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። ያን ጊዜ ዓይኔ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይ ወደቀ። ንፋሱ የሚመታው በኩል ምርጊቱ ተሰነጣጥቆ፣ እዚህም እዚያም ረግፎ እንጨቱ ወጥቷል። ስንጥቁ ላይ ጋዜጣ ለጥፋለች።

"ይህን ግድግዳ ልምረግልዎ፣" አልኳት። "መደብም እሠራልዎታለሁ። ኪራዩ ባለበት ይቆይልን።"

"አንቺ? ትችይዋለሽ?"

"እችላለሁ።"

"እስከ መቼ ነው ባለበት የሚቆየው?"

"ሦስት ዓመት።"

"ሁለት፣" አለችኝ።

"ሁለት ይሁን።"

እችላለሁ ያልኩት እንደሚቻለኝ ስለማምን ነበር፤ ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለምሠራ ቸኮልኩ፤ ጭቃውን ሁለት ቀን ብቻ አቡክቼ መረግኩት። በሳምንቱ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አከራያችን ቆማ አየችው፤ ቀጥሎም እኔን አየችኝ። ፍቄ አውርጄ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ጊዜ ሳምንት ሙሉ አቦካሁት፤ ግድግዳውን መርጌ መደቡንም ሠራሁ።

ልለቀልቅ የደረስኩ ቀን፣ አከራያችን ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። እበቱ ያለበትን ባልዲ ሳበችና አየችው።

"አመድ አልጨመርሽበትም?"

"እናቴ አመድ አትጨምርም።"

"እናትሽ የስማዳ ሰው ናት። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ እኛ አመድ እንጨምራለን። ተነፍቶ ሲገባ ፊቱ ይለሰልሳል።"

ምድጃዋን ጠርጋ አመድ አመጣች፤ በወንፊት ነፍታ እበቱ ላይ ጨመረችው። ከተማ ከገባች ወዲህ እጇ ጭቃ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለው የአባቷ ቤት ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ግድግዳ የምትለቀልቀው እሷ እንደነበረች እየሠራን አጫወተችኝ። እጇ ከእኔ እጅ ይፈጥናል። ከታች እኔ፣ ከላይ እሷ፣ እየተከራከርን ሠራን፤ እኔ በቀጥታ ስስብ እሷ በክብ ታዞረዋለች። እስከ ዛሬ ግድግዳውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሁለታችንን መዳፍ ለይቶ ማየት ይችላል። የእሷ ከእኔ ያምራል። ስለ አመዱም ልክ ነበረች።