ዛሬ ስታክ ያደረገው የበቅሎ ተራ ፕሮግራሜ

ዛሬ ጠዋት ደባርቅ ላይ፣ ባለበቅሎዎቹ ሁሉ እያዩ፣ የሠራሁት ፕሮግራም ስታክ አደረገ። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ተራራው ላይ ወዳለው የሳንቃ በር ካምፕ ለሚወጡ እንግዶች የበቅሎ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ቢሠራ የባለበቅሎዎቹ ማኅበር ሊቀጥረኝ ነበር። ከተመረቅሁ የመጀመሪያ ሥራዬ።

"የኔ በቅሎ እንኳ እንዲህ አትገግምም!" አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

ተራ አስከባሪው ጋሽ ሞላ ደብተራቸውን አወጡ። አንዱ ባለበቅሎ እስክሪብቶውን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

"ጋሼ፣ ስሜን እኔው ልጻፈው።"

"እጅህን ሰብስብ! አንተ ንገረኝ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ።"

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። ከጀርባ ሆኖ ስም የሚያመጣው ትሬድ፣ ማለትም የፕሮግራሙ አንዱ የሥራ ክር፣ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይጽፍ ነበር። ስሙን ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ መጻፉን ስክሪኑን ለሚመራው ትሬድ መተው ነበረበት። (ቤት ብቻዬን ስሞክረው ግን አንድም ቀን አልቆመም። ሰው ሲያይ ነው የሚያፍረው መሰለኝ።)

"ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ" አልኳቸው።

"እንግዳ ቆሞ አይጠብቅም ልጄ። በደብተሩ እንቀጥላለን።"

ቤት ገብቼ አስተካከልኩት። አሁን ይሠራል፤ የሚያየው ሰው የለም እንጂ።

እናንተስ ሰው ፊት ምን ስታክ አደረገባችሁ? ጻፉልኝ፣ ዛሬ ከማንበብ ሌላ ሥራ የለኝም።